የሕዋስ አጽም፣ የሕዋስ ክፍፍልና የሞተር ነርቭ በሽታ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከበዱት እንሄዳለን፤ ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሕዋስ አጽም አለው እንዴ?

አለው፤ አጥንት ግን አይደለም። በየሕዋሱ ውስጥ ከፕሮቲን የተሠሩ ቀጫጭን ክሮችና ቱቦዎች ተዘርግተዋል። ሕዋሱ ቅርጹን የሚይዘው፣ የሚንቀሳቀሰው፣ ውስጡ ያለውን ዕቃ ከቦታ ቦታ የሚያዘዋውረው በነሱ ነው። ሦስት ዓይነት ናቸው። ቀጭኖቹ የአክቲን ክሮች 7 ናኖሜትር ያህል ውፍረት አላቸው። መካከለኞቹ ክሮች 10 ናኖሜትር ይሆናሉ። ትልልቆቹ ማይክሮቲዩቡል የሚባሉት ናቸው፤ ውስጣቸው ክፍት ቱቦ ሆኖ 25 ናኖሜትር ይሰፋሉ። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው፤ በዐይን ማየት የማይታሰብ ነው።

የኛ አጥንት አንዴ ከቆመ ቆመ ነው። የሕዋስ አጽም ግን ሕንፃ ሲሠራ ዙሪያውን እንደሚቆመው የባሕር ዛፍ መወጣጫ ነው፤ እዚህ ይፈታል፣ እዚያ ይቆማል፣ እንጨቱ ያው ነው። ማይክሮቲዩቡል የሚገጣጠመው ቲዩቡሊን ከሚባል ፕሮቲን ነው። ጫፉ ቀስ እያለ ያድግና በድንገት ይፈርሳል፤ ደግሞ ያድጋል። ቲም ሚቺሰንና ማርክ ኪርሽነር ይህን በ1984 ሲያሳዩ ብዙዎችን ያስገረመው፣ አንዱ ቱቦ እያደገ አጠገቡ ያለው በዚያው ቅጽበት መፍረሱ ነው።

ሕዋስ ሲከፈል ይሄ አጽም ምን ይሠራል?

ዋናውን ሥራ ይሠራል። ሊከፈል ያለ ሕዋስ መጀመሪያ የዘር መረጃ የተሸከሙትን ክሮሞሶሞቹን ያባዛል። ከዚያ ማይክሮቲዩቡሎቹ ከነበሩበት ይፈርሱና ከሁለት ጫፍ እየተነሱ እንደ አዲስ ይገጣጠማሉ። ከሁለቱም በኩል መጥተው እያንዳንዱን የክሮሞሶም ጥንድ ወገቡ ላይ ይይዙታል። አንድ ክሮሞሶም እንኳ በአግባቡ ካልተያዘ ሕዋሱ አይቸኩልም፤ እስኪስተካከል ይጠብቃል። ሁሉም ሲያዝ ጥንዶቹ ይላቀቁና ወደየጫፋቸው ይሳባሉ። በመጨረሻ ከአክቲን የተሠራ ቀለበት ሕዋሱን መሀል ላይ አጥብቆ ለሁለት ይቆርጠዋል።

ጀርመናዊው ዋልተር ፍሌሚንግ ይህን ሂደት ሳላማንደር የሚባል እንሽላሊት መሰል እንስሳ ሕዋስ ቀለም እየነከረ በማይክሮስኮፕ አይቶ፣ በእጁ እየሳለ በ1882 በመጽሐፍ አወጣው። ሥዕሎቹን ዛሬም ቢያዩዋቸው ብዙም የሚታረም ነገር የላቸውም።

የሞተር ነርቭ በሽታ ምንድን ነው?

ጡንቻን የሚያዙ ነርቮች ቀስ በቀስ የሚሞቱበት በሽታ ነው። ትእዛዙ በሁለት ሕዋስ ይተላለፋል። የመጀመሪያው ከአንጎል ተነስቶ ወደ ሕብለ ሰረሰር ይወርዳል። ሁለተኛው ከሕብለ ሰረሰር ወጥቶ ጡንቻው ድረስ ይሄዳል። ኤኤልኤስ የሚባለውና በብዛት የሚታየው ዓይነት ሁለቱንም ያጠቃል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርተን ሻርኮ ፓሪስ ውስጥ ከ1869 ጀምሮ መልኩን ለይቶ ገለጸው።

አንዱ ጋ በእጅ ይጀምራል፤ ቁልፍ መቆለፍ ያቅታል። ሌላው ጋ እግር ይጎተታል ወይም ንግግር ይተሳሰራል። ከዚያ ይስፋፋል። መዳሰስ፣ ማየትና መስማት አብዛኛውን ጊዜ አይነኩም። ብዙውን ሰው ለሞት የሚያበቃው የመተንፈሻ ጡንቻ መድከም ነው፤ ከጀመረ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ። ከ10 ሰው አንዱ ግን ከ10 ዓመት በላይ ይቆያል። የፊዚክሱ ሰው ስቲቨን ሆኪንግ በ1963 በ21 ዓመቱ ታውቆለት እስከ 2018 ኖሯል። ይህ እጅግ ያልተለመደ ነው፤ ለታማሚ ቤተሰብ እንደ ተስፋ መለኪያ ባይነገር ይሻላል።

የልጅነት ልምሻም የሚገድለው ያንኑ የሕብለ ሰረሰር ሞተር ነርቭ ነው። ልዩነቱ ልምሻ የሚመጣው በቫይረስ ነው፤ በቀናት ውስጥ ይመታና ይቆማል።

ዓይኔ ይርገበገባል፣ ክንዴ ላይም ጡንቻዬ ይዘላል። ኤኤልኤስ ይሆን?

እሱ ብቻውን ከሆነ በአብዛኛው አይደለም። ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ቡናና ጭንቀት ጡንቻን ያርገበግባሉ። ሐኪም የሚፈልገው ድክመትን ነው፦ ድሮ ይይዝ የነበረውን የማይዝ እጅ፣ እየሳሳ የሚሄድ ጡንቻ፣ የሚጎተት እግር። እነዚህ ካሉ ኢንተርኔት ላይ ከማደር ነርቭ ሐኪም ጋ መሄድ ነው።

የነርቭ ሕዋስ አይከፈልም ይባላል። ታዲያ የክፍፍል ጥናት ከነርቭ በሽታ ጋር ምን አገናኘው?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም የዚህ ገጽ ዋና ጉዳይ ነው። በ1967 ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጌሪ ቦሪሲና ኤድዊን ቴይለር ኮልቺሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ጨረር አስይዘው የት እንደሚጣበቅ ፈለጉ። ኮልቺሲን ለሪህ የሚታዘዘው ያው መድኃኒት ነው፤ የሕዋስ ክፍፍልን እንደሚያስቆምም ይታወቅ ነበር። እንደተጠበቀው በሚከፈሉ ሕዋሶች ውስጥ ተጣበቀ። ያልተጠበቀው አንጎል ውስጥም በብዛት መጣበቁ ነው። የማይከፈል ሕዋስ የሞላበት አንጎል የክፍፍል ዕቃ ምን ያደርግለታል? የተጣበቀበት ፕሮቲን በኋላ ቲዩቡሊን ተባለ። ዛሬም ቤተ ሙከራዎች ቲዩቡሊን ሲፈልጉ ቄራ ሄደው የከብት ወይም የአሳማ አንጎል ነው የሚያመጡት።

ነርቭ ማይክሮቲዩቡል የሚፈልገው ለመንገድ ነው። ወደ እግር ጣት የሚሄደው ሞተር ነርቭ ዋናው አካሉ ወገብ አካባቢ ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ነው፤ አክሰን የሚባለው ጭራው ግን አንድ ሜትር ያህል ይረዝማል። ፕሮቲኑ በአብዛኛው የሚሠራው ላይ ነው፤ የሚፈለገው ደግሞ እታች ጫፉ ላይ። ስለዚህ ዕቃው ይጫናል። ወደ ታች የሚወስደው ኪኔሲን የሚባል ፕሮቲን ነው። ሮን ቬልና ባልደረቦቹ በ1985 ያገኙት ማሳቹሴትስ ዉድስ ሆል ውስጥ ስኩዊድ የሚባል የባሕር እንስሳን ወፍራም ነርቭ ሲያጠኑ ነው። ኪኔሲን ሁለት እግር አለው። አንዱን አንስቶ ከሌላው ፊት ያስቀምጣል፤ እያንዳንዱ እርምጃ 8 ናኖሜትር ነው፤ ለእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ኤቲፒ የሚባል የኃይል ሞለኪውል ይበላል። ሒሳቡን ብንሠራው ለአንድ ሜትር 125 ሚሊዮን እርምጃ ይመጣል። ሸክሙን የሚሸከሙት ብዙ ሆነው እየተፈራረቁ ነው፤ ፈጣኑ ጭነት በቀን ከ200 እስከ 400 ሚሊሜትር ይጓዛል። ከወገብ ተነስቶ እግር ጣት ለመድረስ ቀናት ይፈጅበታል ማለት ነው።

ወደ ላይ የሚመልሰው ደግሞ ዳይኒን ነው። ያረጀውን፣ የተበላሸውን፣ ከጡንቻው የመጣውን መልእክት ጭኖ ይመጣል። ዳይኒን በሚከፈል ሕዋስ ውስጥም ሌላ ሥራ አለው፤ ክሮሞሶም የሚጎትቱትን ማይክሮቲዩቡሎች አቅጣጫና ቦታ ያስይዛል። አንዱ ፕሮቲን ሁለት ቤት ይሠራል። የክፍፍል ተመራማሪና የነርቭ ተመራማሪ አንድ ስብሰባ ላይ የሚገናኙት ለዚህ ነው።

ኬሞ ከጀመርኩ ወዲህ የእግሬና የእጄ ጣት ይደነዝዛል። ከዚህ ጋር ይገናኛል?

መድኃኒትዎ ቪንክሪስቲን ወይም ፓክሊታክሰል ከሆነ በቀጥታ ይገናኛል። ቪንክሪስቲን የሚወጣው ለጌጥ ከሚተከል የማዳጋስካር አበባ ነው፤ ማይክሮቲዩቡል እንዳይገጣጠም ያደርጋል። ፓክሊታክሰል መጀመሪያ የተገኘው ከአንድ የአሜሪካ ዛፍ ቅርፊት ነው። የሚሠራው በተቃራኒው ነው፤ ሱዛን ሆርዊትዝ በ1979 እንዳሳየችው፣ የተገጣጠመው እንዳይፈርስ ያደርቀዋል። ሁለቱም መንገድ ክፍፍሉን ያስቆመዋል፤ ካንሰሩ እንዳይባዛ የተፈለገውም ይሄው ነው።

ነርቩ ግን መሀል ቤት ይጎዳል። መንገዱ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚቸገረው ረጅሙ ነርቭ ነው። ለዚህ ነው ከእግር ጣት የሚጀምረው፤ ከዚያ የእጅ ጣት ይከተላል። ይህ በአብዛኛው የስሜት ነርቭ ጉዳት እንጂ ኤኤልኤስ አይደለም፤ ወደ ኤኤልኤስም አይቀየርም። ለሐኪምዎ ግን ሳይዘገዩ ይንገሩ። መጠኑን መቀነስ ወይም ማዘግየት ይቻላል፤ ዝም ተብሎ ከከረመ ላይለቅ ይችላል።

በዘር ይተላለፋል?

ከ100 የኤኤልኤስ ታማሚ ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ቤተሰባቸው ውስጥ ሌላ ታማሚ አለ። የቀረው ድንገት የመጣ ነው፤ አንድ ዘመድ ታመመ ማለት ልጆቹ ሁሉ ይታመማሉ ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ጂን በ1993 ተገኘ፤ ኤስኦዲ1 ይባላል። በ2011 የተገኘው ሲ9ኦርፍ72 በአውሮፓውያን ዘንድ በብዛት የሚታየው ነው።

ለኛ ርእስ የሚጥመው ሌላው ዝርዝር ነው። በ2003 የዳይኒን ረዳት የሆነው ዳይናክቲን ጂን ላይ የሞተር ነርቭ በሽታ የሚያመጣ ለውጥ ተገኘ። በ2012 አክቲንን የሚቆጣጠረው ፕሮፊሊን፣ በ2014 ራሱ ቲዩቡሊን፣ በ2018 ኪኔሲን ተከተሉ። እነዚህ የሚመለከቱት ጥቂት ቤተሰብ ነው። ግን መንገዱ፣ ተሸካሚው፣ የተሸካሚው ረዳት ተራ በተራ በአንድ በሽታ መዝገብ ላይ ሲገኙ እንዲሁ ገጠመኝ ነው ማለት ይከብዳል።

ጓያ በልቶ እግሩ የተያዘ ሰው ኤኤልኤስ ነው ያለበት?

አይደለም፤ ዝምድና ግን አላቸው። የጓያ ሽባነትም የሞተር ነርቭ ጉዳት ነው፤ የሚመታው በዋናነት ከአንጎል የሚወርደውን የላይኛውን ነርቭ ነው። እግር ይገተራል፣ ሰውየው በጣቱ ጫፍ እየተራመደ ምርኩዝ ይይዛል። ጓያው ከቀረ አብዛኛውን ጊዜ አይብስም፣ እስትንፋስም አይነካም፤ የተጎዳው ግን አይመለስም። ጎንደርና ጎጃም አካባቢ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በስፋት አጥንተውታል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ድርቅ ሲመጣ ደግሞ ደላንታ ዳውንት ውስጥ በወረርሽኝ መልክ ተነስቶ ነበር፤ ሌላው ሰብል ሲጠፋ የሚቀረው ጓያ ነውና።

ጥፋተኛው ጓያ ውስጥ ያለ ኦዳፕ የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ግሉታሜት የሚባለውን የነርቭ መልእክት አስመስሎ ነርቩን ከልክ በላይ ይቀሰቅሰዋል። በኤኤልኤስም ግሉታሜት ጉዳት እንደሚያደርስ ይታሰባል፤ ሪሉዞል የተባለው መድኃኒት የመጣው በዚህ መንገድ ነው። እንፋሎቱ ወይም ገለባው ነው የሚመታው የሚባለው ግን መሠረት የለውም፤ ጉዳቱ የሚመጣው ለሳምንታትና ለወራት በብዛት ሲበላ ነው። በረሃቡ ጊዜ የተደረገው ጥናት ንፍሮውና እሸቱ ይበልጥ እንደሚያጋልጡ፣ ከእህል ጋር ሲቀላቀል ደግሞ አደጋው እንደሚቀንስ አሳይቷል።

የአይጥ ሙከራ እየተባለ ስንት ነገር ይነገራል። ለሰው ምን ይጠቅማል?

ይጠቅማል፤ ግን ቶሎ ማመን አይደለም። ሎአ የሚባሉ አይጦች አሉ፤ ዳይኒናቸው ላይ አንዲት ለውጥ አላቸው። ጤነኛ አይጥ በጭራው ሲያንጠለጥሉት የኋላ እግሩን ይዘረጋል፤ ሎአ ግን እግሩን አጣምሮ ወደ ሆዱ ይሰበስባል። ለውጡን ከእናትም ከአባትም የወረሱት በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ ይሞታሉ። በ2003 ይህ ሲታተም፣ ዳይኒን ሲበላሽ ሞተር ነርቭ ይሞታል ተባለ፤ ታሪኩ ያለቀ መሰለ።

አላለቀም። በ2005 ሎአን ከኤስኦዲ1 አይጥ ጋር፣ ማለትም ኤኤልኤስ የሚያመጣውን የኤስኦዲ1 ለውጥ ከተሸከመ አይጥ ጋር አዳቀሏቸው። ሁለት ችግር የተሸከመ ግልገል ቶሎ ይሞታል ብሎ ነበር ሰው የሚጠብቀው፤ እሱ ግን ከኤስኦዲ1 አይጥ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ኖረ። በኋላ ደግሞ ሎአ ላይ ይበልጥ የሚጎዳው የስሜት ነርቭ መሆኑን ሌሎች አሳዩ። እኔ እንደማየው ይህ ሙከራ የከሸፈ አይደለም። «መንገዱ ተዘጋ፣ ነርቩ ሞተ» የምትለዋ ቀላል ታሪክ ብቻዋን እንደማትበቃ ያስተማረ ነው።

ታዲያ የቱ ይቀድማል? አጽሙ ፈርሶ ነው በሽታው የሚመጣው ወይስ በሽታው ነው አጽሙን የሚያፈርሰው?

በአብዛኛው ታማሚ ላይ አጽሙ የመጀመሪያው ጥፋተኛ አይመስልም። በ2006 ቲዲፒ-43 የሚባል ፕሮቲን በሞቱት ነርቮች ውስጥ ተጓጉሎ ተገኘ፤ ከ100 የኤኤልኤስ ታማሚ 97ቱ ላይ ይታያል። ቦታው የሕዋሱ አስኳል ነው፤ ሥራው ከጂን የተቀዳው መልእክት በትክክል ተቆርጦ እንዲገጠም መጠበቅ ነው። በበሽታው ጊዜ ከአስኳሉ ይወጣል። ጠባቂው ሲጠፋ መልእክቶቹ ይበላሻሉ።

የትኞቹ? በ2019 ሁለት ቡድኖች አንድ ስም ይዘው መጡ፦ ስታትሚን-2። ሥራው ማይክሮቲዩቡልን መቆጣጠር ነው፤ የተጎዳ አክሰን ተመልሶ እንዲያድግም ያስፈልጋል። ዞሮ ዞሮ እዚያው አጽሙ ጋ ደረስን። በሽታው ሌላ ቦታ ይጀምርና አጽሙን መጠገኛ ያሳጣዋል።

የኪኔሲን ጂን ለውጥ ባለባቸው ቤተሰቦች ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ መነሻው ራሱ ተሸካሚው ነው። እሱም ያነከሰ መስሎን ነበር። በ2022 የወጡ ጥናቶች እንዳሳዩት ግን የተለወጠው ኪኔሲን አያነክስም፤ ማቆሚያው ነው የጠፋው። ሥራ በሌለበት ጊዜ ታጥፎ መቀመጥ ሲገባው ዝም ብሎ ይሄዳል። አንድ ስም ያለው በሽታ ብዙ መነሻ አለው፤ «የኤኤልኤስ መንስኤ ተገኘ» የሚል ርእስ ባየሁ ቁጥር የየትኛው ታማሚ ብዬ የምጠይቀው ለዚህ ነው።

በደም ምርመራ ይታወቃል? መድኃኒትስ አለው?

የሚያድን መድኃኒት የለም። ሪሉዞል በ1995 ተፈቀደ፤ ዕድሜን በጥቂት ወራት ያራዝማል። ኢዳራቮን በ2017 አሜሪካ ውስጥ ተጨመረ። በ2022 እዚያው የተፈቀደ ሌላ መድኃኒት በትልቁ ሙከራ ስላልሠራ በ2024 አምራቹ ራሱ ከገበያ አነሳው።

ለየት ያለው ቶፈርሰን ነው፤ የኤስኦዲ1 ለውጥ ላላቸው ብቻ ነው፣ እነሱም ከ100 ታማሚ 2 ያህሉ ናቸው። በወገብ በኩል ወደ ሕብለ ሰረሰር ፈሳሽ ይወጋል። ሙከራው በ28 ሳምንት ውስጥ ድክመቱን እንደተጠበቀው አላስቆመም። ሆኖም በ2023 አሜሪካ ፈቀደችው፤ ምክንያቱ ደግሞ የሕዋስ አጽም ነው። አክሰን ሲፈርስ ኒውሮፊላመንት የሚባለው መካከለኛ ክሩ ስብርባሪ ሆኖ ወደ ደም ይገባል። መድኃኒቱን በወሰዱት ሰዎች ደም ውስጥ ይህ ስብርባሪ ቀነሰ። ባለሥልጣኑ ያንን ነርቩ መፍረሱን እንደመቀነሱ ምልክት ቆጠረው። የኒውሮፊላመንት ምርመራ ብቻውን ግን ኤኤልኤስን አይለይም፤ በሌላ የነርቭ ጉዳትም ይጨምራል።

የሞተውን ነርቭ በስቴም ሴል መተካት፣ ወይም የቀረውን እንዲከፈል ማድረግ አይቻልም?

እንዲከፈል ማድረግ ጭራሽ አደገኛ ነው። ለመከፈል ማይክሮቲዩቡሎቹን አፍርሶ ክሮሞሶም መጎተቻ መሥራት ያስፈልጋል፤ አንድ ሜትር አክሰን ያለው ሕዋስ መንገዱን ካፈረሰ እታች ያለውን ማን ይቀልባል? እንዲያውም በሚሞቱ ነርቮች ውስጥ የክፍፍል ሙከራ ምልክቶች ታይተዋል፤ የሚያልቀው በሞት እንጂ በሁለት ሕዋስ አይደለም።

ስቴም ሴል ገና ሌላ ዓይነት ሕዋስ መሆን የሚችል ሕዋስ ነው፤ በእሱ መተካቱም ቀላል አይደለም። አዲሱ ነርቭ ጭራውን አንድ ሜትር አሳድጎ ትክክለኛውን ጡንቻ ማግኘት አለበት። እስካሁን አሜሪካም ሆነ አውሮፓ ለኤኤልኤስ የፈቀዱት የስቴም ሴል ሕክምና የለም፤ «ተወግተህ ትድናለህ» ብሎ በዶላር የሚያስከፍል ክሊኒክ ካገኛችሁ ገንዘባችሁን ያዙ።

ክፍፍሉ የሚጠቅመው ከሰውነት ውጭ ነው። በ2008 ተመራማሪዎች ከአንዲት የ82 ዓመት የኤኤልኤስ ታማሚ ቆዳ ሕዋስ ወስደው ወደ ስቴም ሴል መለሱት፤ ሳህን ላይ እየተከፈለ ተባዛ፤ ከዚያ ሞተር ነርቭ እንዲሆን አደረጉት። ከሰው ሕብለ ሰረሰር ተቆርጦ የማይወሰደው ነርቭ አሁን ቤተ ሙከራ ውስጥ ይበቅላል። ስታትሚን-2 መጥፋቱ የታወቀውም እንዲህ በተሠሩ ነርቮች ላይ ነው። እሱን ለመመለስ የታሰበ መድኃኒትም በሰው ላይ መሞከር ጀምሯል።